የቦልቴ ሁለት ኩንታል

ግንቦት 4 ቀን 2000፣ ሰኞ

ዝርዝሩ ዛሬ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በድጎማ ዱቄት የሚሰጣቸው የሶዶ ዳቦ ቤቶች ዘጠኝ ናቸው። እኔ ሰባተኛ ላይ አለሁ፤ «ባዳቾ ጩማ ዳቦ ቤት፣ በወር 8 ኩንታል»። ስምንት! ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። በቀን አንድ ኩንታል የምጋግር ሰው ስምንቱን በስምንት ቀን ጨርሼ በቀረው ሃያ ሁለት ቀን ለሕዝቡ ጭስ ልሽጥለት?

አድነው ግን ስልሳ ኩንታል ተጽፎለታል። ያ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ ብሎ የሚኩራራው አድነው። መብራት በፈረቃ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ምድጃው እንደ ሬሳ ሳጥን ተዘግቶ ይውላል። የእኔ በባህር ዛፍ ነው የሚነድደው፣ መብራት ኖረ አልኖረ አይቶ አያውቅም።

ባለሙያው አቶ ደገፉ ቢሮ ገባሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ቁጥሩን እኛ አልፈጠርነውም፣ አቶ ባዳቾ። መጋቢት ላይ ቤት ለቤት ስንመዘግብ ከእናንተ ቤት የተሰጠ ቃል ነው። በሳምንት ሁለት ኩንታል። ፊርማም አለው» አለና ፋይሉን ገለጠልኝ። የጋጋሪዬ የቦልቴ ፊርማ ነው፤ ዶሮ የጫረው የሚመስለው።

የዚያን ቀን እኔ እንጨት ልገዛ ቦዲቲ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ከቤት ብወጣ ይኸው! አሥራ አንድ ዓመት ምድጃዬን ያነደደ ሰው በአንድ ቃል ጉድ ሠራኝ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ቦልቴን ያዝኩት። ማን ተናገር አለህ አልኩት። እጁ ሊጥ ውስጥ እንዳለ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ፋይል ይዛ ነው የመጣችው» አለኝ በዚያ በወላይታ አማርኛው። ይኼም መልስ ሆኖ! እኔ ስጮህ እሱ ማቡካቱን ቀጠለ። ይኼ ይብስ አበገነኝ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ሌላው ጉድ ደግሞ ዛሬ ተነገረን። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሁሉ ወሩን ሙሉ መቶ ግራሙን ዳቦ በስልሳ ሳንቲም ይሸጣል። ከዚያ አንዲት ሳንቲም ቢያስበልጥ ይታሸጋል። ለስምንቱ ኩንታል እሺ፣ ይሁን። ስምንቱ ሲያልቅስ? ከገበያ በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ በስልሳ ሳንቲም ልሽጥ ማለት ነው። ከዝርዝሩ ልውጣ ብል ደግሞ እነ አድነው በስልሳ ሳንቲም እየሸጡ የእኔን በብር ከሃያ ማን ይገዛኛል? ስገባም ከሰርኩ፣ ስወጣም ከሰርኩ። ይህን ለአቶ ደገፉ ብነግረው «ለሕዝቡ ሲባል ነው» አለኝ። እኔ ሕዝብ አይደለሁም እንዴ? የምን ሕዝብ ነው እኔ የሌለሁበት?

ሚስቴ ፈጠነች፣ የቤቴል እናት፣ ለምን አቤቱታ አትጽፍም ትለኛለች። እንዲህ ናት፣ ሁሉ ነገር ቀላል ይመስላታል። ምን ብዬ ነው የምጽፈው? በቀን አንድ ኩንታል እጋግራለሁ ብዬ? ያ ወረቀት ከአቶ ደገፉ ጠረጴዛ ተነሥቶ ገቢዎች ለመድረስ ኮሪደር መሻገር ብቻ ነው የሚቀረው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ከከተማው የሚጨሰው የእኔ ብቻ። ሰልፉ እስከ ዋናው መንገድ። ዳቦው በሦስት ሰዓት አለቀ። አንዷ ባዶ ዘንቢል ወረወረችብኝ። «ደብቀህ ነው!» ምኑን ልደብቅ?

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ለበዓሉ ስታዲየም ተጠራን። ካለፈው መስከረም የተረፈው የሚሊኒየም ባንዲራ ጨርቅ ፀሐይ በልቶት ነጭ ሆኗል፤ እሱኑ መልሰው ሰቀሉት። ተናጋሪው መንግሥት ለዳቦ ስንት ሚሊዮን ብር እንደ ደጎመ አነበበ። አድነው ከድንኳኑ ጥላ ሥር፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። ከኋላዬ አንድ ሰው ለጓደኛው «ዳቦው ታዲያ በየት በኩል አለፈ?» ሲለው ሰማሁ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

አምስት ቀን ምድጃው ቀዝቅዞ ከረመ። ዛሬ አንድ ባለ ጋሪ ከዲምቱ ነው የመጣሁት ብሎ ሦስት ኩንታል ዱቄት አመጣልኝ። በገበያ ዋጋ፣ ሳንቲም የማይቀንስ። ጆንያዎቹ ተገልብጠው ነው የተሰፉት። ዱቄቱን ወደ በርሜል ስናዞር አንዱን መልሼ ገለበጥኩት፤ የመንግሥት ማኅተም። ዲምቱ ይላል እንዴ! ይህ ዱቄት ከአድነው መጋዘን በኋላ በር ወጥቶ፣ ከተማውን በጋሪ ዞሮ፣ እኔ ዘንድ በእጥፍ ዋጋ የገባ ነው። መንግሥት ደጎመ፣ አድነው ሸጠ፣ ባዳቾ ከፈለ። ጨዋታው ይኸው ነው። አድነውማ መጋገር ምን ያደርግለታል? ምድጃ ሳያሞቅ የሚያተርፍ ዳቦ ጋጋሪ በዘመኔ አየሁ።

ጆንያውን ግቢው ውስጥ ወርውሬ ረገጥኩት። ቦልቴ አየኝ።

ገዛሁት፣ አዎ። ታዲያ ልዝጋ? አምስት ሰው እኔን አምኖ ያድራል።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አሳየሽ መጣች። መናኸሪያው በር ላይ በእንሰት ቅጠል የተጋገረ የበቆሎ ዳቦ የምትሸጠው። ልጆቿን ያሳደገችው በሱ ነው። መስኮቴ ላይ ቆማ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ባዳቾ፣ ያንተ ስልሳ ሳንቲም ያለ ቀን የእኔን ዳቦ ዞሮ የሚያይ የለም። የሌለ ቀን ደግሞ ሁሉም ወደ በቆሎ ይሮጥና ዋጋው ይሰቀላል፣ የምጋግረው አጣለሁ። የእኔን ቤት ዘጋህ፣ ያንተንም አልከፈትክ» አለችኝ።

ሂጂና ለመንግሥት ንገሪ አልኳት። «መንግሥትን የት አገኘዋለሁ? አንተን ነው የማገኝህ» አለች። እኔ ላይ! የሁሉም አፍ እኔ ላይ ነው የሚከፈተው። አምስት ዳቦ ብሰጣት አልወሰደችም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ተቆጣጣሪዎች መጡ። ማኅተም ያለበት ጆንያ ከኮታው በላይ የተገኘበት ቤት ይታሸጋል ተብሏል። የእኔ ስምንት ነው መሆን ያለበት፤ ከእነዚያ ከሦስቱ ጋር አሥራ አንድ ነው። ሲቆጥሩ ከንፈሬን እየነከስኩ ጸለይኩ። ስምንት አሉ። ደግመው ቆጠሩ፣ ስምንት። ፈርመው ሄዱ።

እግዚአብሔር ዓይናቸውን ጋረደልኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እመሰክረዋለሁ። (ምን ብዬ ነው የምመሰክረው? ይቅር።)

ከሄዱ በኋላ ፈለግኩ። ሦስቱ ጆንያዎች እውነትም የሉም። ባዶ ጆንያ በዚህ ኑሮ ገንዘብ ነው፤ ሌባ ከደጅ አይመጣም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ቦልቴን አሰናበትኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። ጠዋት መጥቶ የሦስት ቀን ፈቃድ ስጠኝ አለ። ሁምቦ ያለችው ትንሿ ልጁ ሰውነቷ አብጦ ድንኳን ገብታለች፣ እነዚያ ወተት የሚሰጡባቸው ድንኳኖች። የበልጉ ዝናብ ስለቀረ ስኳር ድንቹ ሐረጉ ደርቋል፣ በቆሎው ከመሬት አልተነሣም። ይህን ሁሉ ቆሞ ነገረኝ። ሲሄድም ትንሽ ዳቦ ልያዝላት አለ።

የዚያን ጊዜ ምን እንደ ነካኝ እንጃ። «በሳምንት ሁለት ኩንታል የምንጋግር ሰዎች የሚተርፍ ዳቦ ከየት አለን?» አልኩት። ሌሎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። ማየታቸው ባሰብኝ። ጆንያዎቹንስ የት አደረስካቸው አልኩት። «አሉ፣ ጋሼ» አለ። የት እንዳሉ አልጠየቅኩትም፤ አረቄ ቤት ነዋ፣ ሌላ የት ይሆናሉ? ያጠፋኸኝ አንሶ ትሰርቀኛለህ፣ ውጣ አልኩት።

ሽርጡን ፈታ፣ አጥፎ ከሊጥ ገበታው ጫፍ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረ። ፈጠነችን ሊሰናበት መስሎኝ ነበር። ቶሎ ተመልሶ በበሩ ወጣ።

ደመወዙን ሙሉ ከፍዬዋለሁ። ማንም በደለው ሊለኝ አይችልም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ራት ላይ ፈጠነች «ፋይል የያዘ ሰው ሲመጣ ምን በል ነበር ያልከው?» አለችኝ። ቤቴል ጉርሻዋን ይዛ እኔን አየችኝ።

ምን ታውቃለች? በዚህ ከተማ ለግብር ገማች እውነቱን የሚናገር ነጋዴ ይጠራልኝ። አድነውም ይሄው ነው፤ እሱ ግን የትኛው ፋይል ለግብር፣ የትኛው ለስጦታ እንደሆነ ቀድሞ የሚነግረው ሰው አለው። የእኔ ቦልቴ ፋይል ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው። ማን በል ብሎት?

በእርግጥ ገማቾቹ ሊመጡ በሚሉበት ሰሞን «ሁለት ኩንታል በሳምንት» በል ብዬው አውቃለሁ። አንድ ሁለቴ አስደግሜዋለሁ። ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ግን ሰው እኮ ያስባል! አእምሮ ተሰጥቶት የለ!

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

አዲሱ ጋጋሪ ምድጃውን አያውቀውም። ላዩን ያሳርራል፣ ውስጡ ሊጥ። ዝናቡ አሁን ነው የመጣው፣ እንጨቱ ሁሉ ረጥቧል። ሁለቱን አቡኪዎች ዛሬ አሰናበትኳቸው፤ ዱቄት በሌለበት ምን ያቦካሉ? የቀረነው እኔና እሱ።

አቶ ደገፉ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬ ለስለስ ብሎ ነው ያነጋገረኝ። በር ዘጋና «ኮታው ይታረማል። ባለቤቱ ሲደብቅ ኖሮ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ገቢዎች ይሄዳል። የሦስት ዓመት ግብር ከነቅጣቱ ትከፍላለህ፣ ስምንቱም ይሰረዛል። ቃሉን የሰጠው ሠራተኛ መጥቶ በራሴ ነው ያሳሳትኩት ካለ፣ ቀላል ነው» አለኝ።

ቀላል ነው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ሁምቦ ደርሼ መጣሁ። ጠበላ ከተማ ከአውቶቡስ ወርጄ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። አገሩ አረንጓዴ ነው። ዓይን ያታልላል። ተራራው፣ ሜዳው፣ የመንገዱ ዳር ሁሉ ለምልሟል፤ የሚበላ ነገር ግን የለም። አንድ ሽማግሌ ያለ ጊዜው የተነቀለ፣ ገና ያልጠነከረ እንሰት ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁ። የመጨረሻው ነው አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ቦልቴ ደጁ ላይ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ። ይሰድበኛል ብዬ መልሴን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። አንዲቷን በርጩማ አውጥቶ ለእኔ ሰጠና እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ከድንኳኑ ወጥታለች። ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እግሯን አየሁት፤ ከእጄ አንጓ አይወፍርም። የወሰድኩትን ዳቦ እናቷ ተቀብላ ቆርሳ ቆርሳ በእጇ አኖረችላት። የምትበላው ቀስ ብላ ነው፣ እንደ ትልቅ ሰው።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ሐሳቡ የእኔ አይደለም አልኩት፤ እንደዚህ ብቻ ነው የሚሆነው። ዱቄቱ ከተስተካከለ ሥራው ይመለሳል፣ አቡኪዎቹም ይመለሳሉ፣ ለአንተም ይሻላል አልኩት። ቶሎ ቶሎ ነው የተናገርኩት።

የጆንያውን ነገር ያነሣብኛል፣ ስሜን ይጠራብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቦልቴ ግን «ምን ልበል፣ ጋሼ?» አለኝ።

«እኔ በራሴ ነው የዋሸሁት፣ ጌታዬ አያውቅም በል።»

«እኔ በራሴ ነው የዋሸሁት። ጌታዬ አያውቅም» አለ። ከዚያ በወላይትኛ ለራሱ ደገመው፣ እንዳይጠፋው። ድሮም እንዲህ ነበር የሚይዘው።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ተፈጸመ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አቶ ደገፉ ሲጠይቀው አንድ ቃል አላጎደለም። ለምን ዋሸህ ሲለው ግን ወደ እኔ ዞረ፤ ያንን አላጠናንም ነበር። እኔ መስኮቱን አየሁ። «ፈርቼ» አለ በመጨረሻ።

አቶ ደገፉ ወረቀቱን ጽፎ እንደ ማስታወቂያ በጥድፊያ አነበበው። ኮታ ሠላሳ ኩንታል። ከታች አንድ መስመር ጨመረ፤ ሐሰተኛ ቃል የሰጠው ሠራተኛ የድጎማ ዱቄት በሚገባበት ማናቸውም ቤት ተቀጥሮ እንዳይሠራ። ቦልቴ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ነው የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው ቀረ።

ደጅ ስንወጣ ፊቱ በራ። «ሰኞ በስንት ሰዓት ልምጣ፣ ጋሼ?» አለኝ።

አልገባውም። የቢሮ አማርኛ በጥድፊያ ሲነበብ ማን ይገባዋል? እልክብሃለሁ አልኩት።

ይህ ደገፉ የሚባል ሰው! አንድ መስመር ባይጨምር ምን ነበረበት? ብዕሩ ቢደርቅበት?

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ሠላሳው ገባ። ሰልፍ፣ ግፊያ። ቀኑን ሙሉ አልተቀመጥኩም። አቡኪዎቹ ተመልሰዋል። ዳቦው አሁንም ጥሬ ጥሬ ይላል። ሕዝቡ ዝም ብሎ ይወስዳል።

ፈጠነች «ላክህበት?» አለችኝ። ነገ አልኩ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አድነው መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝ። እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል! «ሠላሳውን ሁሉ ለመጋገር አትድከም። ባለ ጋሪውን ታውቀዋለህ» አለ በጆሮዬ። በጥፊ ላጮለው ነበር። ሰው አለ ብዬ ተውኩት።

እንቢም አላልኩትም።

አሳየሽ መናኸሪያው በር ላይ የለችም። መሸጥ ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆኗታል አሉ። ወዴት እንደ ሄደች የሚያውቅ የለም። ይህንንም በእኔ ሊያሳብቡ ነው።

ፈጠነች ዛሬ «ላክህበት?» አላለችም። መጠየቅ ከተወች ሰንብታለች።

መስከረም 10 ቀን 2001፣ ቅዳሜ

ነገ ጊፋታ፣ ዘመን መለወጫችን ነው። የገበያው ሰው ሁሉ ከገጠር ወጥቷል፤ ቅቤ የቋጠረች ቅቤዋን፣ ለቅርጫው ያዋጣ ሰው የሥጋ ድርሻውን ያስባል። ያልቋጠረም ያላዋጣም ዳቦ ፍለጋ እኔ መስኮት ላይ ነው። ለአንድ ሰው አምስት ብቻ ብለን ጽፈን ለጥፈናል። ጭሱ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ሞልቶታል፣ እንጨቱ እንቢ ብሏል። ዓይኔ እያለቀሰ ነው የምሸጠው።

ቀና ስል ቦልቴ ከፊቴ ቆሟል። ተራውን ጠብቆ፣ ያችኑ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሦስት ብሩን በእጁ ይዞ። ከመቼ ጀምሮ ተሰልፎ እንደቆመ አላየሁም። ለምን አልላክህብኝም ይለኛል ብዬ ደነገጥኩ። «አምስት» አለ ብቻ።

አሥር አድርጌ ሰጠሁት። ቆጠረና አምስቱን መልሶ ወደ እኔ ገፋው። «ወረቀቷ አምስት ነው የምትለው፣ ጋሼ። ከኋላዬ ሰው አለ» አለ። ሦስት ብሩን አኖረ። አልቀበልህም ስለው እጄን አልፎ ሳንቲም ዕቃው ውስጥ ጣለው።

ሊሄድ ሲል ጭሱን ቀና ብሎ አየ። አሥራ አንድ ዓመት ያየው አስተያየት ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የታመመ ከብት እንደሚያይ ሰው። «እንጨቷ ረጥባለች» አለኝ። «ጓሮ፣ ከኋላኛው ግድግዳ ሥር ደረቅ አለ። ያኔ ክረምቱ ሳይገባ ከምሬ ሸፍኜ ነበር። አዲሱ ልጅ አላገኘውም?»

ቀኑን ሙሉ በእሱ ተናድጄ ዋልኩ። ምን ነበረ ቢሰድበኝ? ሰው ሁሉ ፊት፣ ይህ ሰው ውሸታም ነው፣ ያስዋሸኝ እሱ ነው ቢለኝ? እንደ አሳየሽ ቢጮህብኝ? አምስቱን ተቀብሎኝ ቢሄድ ምን ይጎድልበት ነበር? የሰውን ፊት እንዲህ አድርጎ መመለስ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!

ከዘጋን በኋላ ጓሮ ሄድኩ። ከግድግዳው ሥር፣ ሣር በቅሎበት፣ እንጨቱ በሥርዓት ተከምሯል። በቃጫ ገመድ ታስሯል። ፈታሁት። አንድ ጠብታ ውኃ አልገባበትም። ስመታው ይጮሃል።

የተሸፈነው በጆንያ ነው። ሦስት ናቸው። እያንዳንዳቸውን ገልብጬ አየሁ። ማኅተሙን ወደ ውስጥ አድርጎ ነው የሸፈነው፣ ሦስቱንም፤ ተቆጣጣሪዎቹ ጓሮ ቢዞሩ እንኳ እንዳይታይብኝ።

ይህን እኔ አላስተማርኩትም።